አሶሳ ሆኖ ለለንደን መጮህ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሶሳ ላይ ሰው የጠፋበት ካለ ዲኤስቲቪ ቤት ይፈልገው። በር ላይ የተደገፈችው ጥቁር ሰሌዳ የዕለቱን መርሐ ግብር በጠመኔ ትናገራለች፤ 9:30 አንድ፣ 12:00 ሌላ፣ ማታ 2:30 ላይ ደግሞ “ትልቁ ጨዋታ”። ቀድሞ የከፈለ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ዘግይቶ የመጣ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ይቀመጣል፤ ያልከፈለ በመስኮት ያያል። በርታው፣ ሺናሻው፣ ማኦው፣ በ1977ቱ ድርቅ ወላጆቹ ከወሎ መጥተው የሰፈሩት፣ ለሥራ ብሎ ከአዲስ አበባ የተመደበው፣ ሁሉም እዚህ ደጃፍ ላይ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ “አርሴ ነህ ማንቼ?” ሊቨርፑልና ቼልሲ ነኝ ያለም ወንበር አይከለከልም። ሰው በማልያ ብቻ የሚለያይበት ቤት በዚህ ዘመን የሚናቅ አይደለም።

ትዝብቱ የሚጀምረው ከዚያው ከማልያው ነው። የአርሴናልን ማልያ ለብሶ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ሲያልፍ እጅጌውን አንብቡት። “ሩዋንዳን ጎብኙ” ይላል፣ በእንግሊዝኛ። ሩዋንዳ ይህችን ጽሑፍ እዚያ ለማስቀመጥ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለክለቡ በሚሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ ስትከፍል ቆይታለች። የአሶሳው ልጅ ግን ማልያውን በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ፣ በገዛ ነዳጁ እየዞረ፣ ከገበያ እስከ መናኸሪያ ለኪጋሊ ቱሪስት ይጠራላታል። በነፃ! ማንጎ፣ ቀርከሃና ወርቅ ያላት አሶሳ “እኔንም ጎብኙኝ” የምትልበት አንድ እጅጌ አላገኘችም።

“የአገራችንን ሊግ ለምን አታይም?” ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፤ “የኛ ኳስ ጥራት የለውማ!” እንግዲህ ጉዳዩ የጥራት ቢሆን ኖሮ የማንቼ (የማንችስተር ዩናይትድ) ደጋፊ ገና ድሮ ቤቱ በገባ ነበር። ክለቡ እ.ኤ.አ. በ2013 ሊጉን ካሸነፈ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ሌሎች ዋንጫ ሲያነሡ ቆሞ አይቷል፤ ደጋፊው ግን ከአግዳሚው ንቅንቅ አላለም። አርሴናልም እ.ኤ.አ. በ2004 ያለ ሽንፈት ዋንጫ ካነሣ ወዲህ፣ ደጋፊው ከሃያ ዓመት በላይ “ዘንድሮ የኛ ነው” እያለ ጢም አበቀለ፣ አገባ፣ ልጅ ወለደ። ይህን ያህል ትዕግሥት ያለው ሰው ለአንድ የኢትዮጵያ ክለብ ዘጠና ደቂቃ መታገሥ አቃተው ቢሉ ማን ያምናል?

የዘመን አቆጣጠሩም ለብቻው ጉድ ነው። የልጁን ልደት፣ የቤት ኪራዩን፣ የዕድሩን ቀን በእኛ ይቆጥራል፤ ኳስ ሲሆን ግን ፈረንጅ ነው። 2013 ሲባል የማንቼው አሰልጣኝ ፈርጉሰን የተሰናበቱበትን ዓመት ከነደረጃ ሰንጠረዡ ይዘረግፍላችኋል። በእኛው 2013 ዋንጫ ያነሣው ማን እንደሆነ ስትጠይቁት ግን ስልኩን ማየት ይጀምራል። ፋሲል ከነማ ነው ወንድሜ፤ ከጎንደር!

ሁለተኛው ሰበብ “በቴሌቪዥን አይታይም” የሚል ነበር። ያም በዚያው በእኛው 2013 ፈረሰ። ዲኤስቲቪ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን የማሳየት መብት ገዝቶ፣ ጨዋታው በዚያው ሳህን፣ በዚያው ሪሞት፣ በዚያው ስክሪን ይመጣ ጀመር። ምን ሆነ? የአገር ውስጥ ጨዋታ ሲጀመር ባለቤቱ ድምፁን ቀንሶ ሙዚቃ ይከፍታል፤ ደንበኛው ፊቱን ወደ ካርታ ጨዋታው ያዞራል። የእንግሊዙ ሲጀመር ሙዚቃው ይጠፋል፤ ሕፃን ልጅ ያስነጠሰ እንደሆነ ይገሠጻል።

ሦስተኛው ሰበብ “የአሶሳ ክለብ ፕሪሚየር ሊጉ ውስጥ የለም፤ ታዲያ ማንን ልደግፍ?” የሚል ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለንደን የአሶሳ ዞን ወረዳ ብትሆን ኖሮ።

ፍርድ እንዳይጎድል ግን የሊጉም ጥፋት ይነገር። ባለፉት ዓመታት ክለቦቻችን በየከተማቸው መጫወታቸው ቀርቶ፣ ሁሉም አንድ ከተማ ተሰብስበው ሲጫወቱ፣ ከዚያ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላ ከተማ ሲዞሩ ከርመዋል። ባለሜዳ የተባለው ቡድን ሜዳው ላይ የለም፤ ደጋፊውም አብሮት የለም። ብሔራዊ ቡድናችንማ ይባስ ብሎ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሞቻችን ደረጃቸውን አላሟሉም ስላለ፣ “የሜዳውን” ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርግ ከርሟል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ሜዳችን የሚገኘው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። በ1954 አዲስ አበባ ላይ ያችኑ ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ያስቀረን ሰዎች፣ ከስልሳ ዓመት በኋላ ሜዳችንን ፍለጋ አውሮፕላን ተሳፈርን። ሜዳው ከቤቱ ለጠፋበት አገር ደጋፊ፣ የቤቱ ሜዳ ለንደን ነው ቢል ምን ይፈረድበታል?

ይፈረድበታል። ምክንያቱም ጎረቤቱ የገነነበት ሁሉ የራሱን አይጥልም። ካናዳን ተመልከቱ። ከአጠገቧ አሜሪካ አለች፤ በእጅ ይዘው እየሮጡ፣ እየተላተሙ የሚጫወቱት ያ የአሜሪካ ኳስ ገንዘቡም፣ ዝናውም፣ ቴሌቪዥኑም የእሱ ነው። ካናዳም የዚያው ጨዋታ ዘመድ የሆነ የራሷ ኳስ አላት። አንዱን ካናዳዊ ደጋፊ “የትኛው ይሻላል?” ብትሉት አፉን ሞልቶ ይከራከራችኋል፤ የእኛ ሜዳ ሰፊ ነው፣ እነሱ በ11 ሲጫወቱ እኛ በ12 ነን፣ አሥር ያርድ ለመግፋት ለእነሱ አራት ሙከራ ሲፈቀድላቸው ለእኛ ሦስት ብቻ ነው፣ ስለዚህ የእኛ ይፈጥናል ይላል። ዋንጫችን ግሬይ ካፕ እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ አለ ብሎም ይጨምርላችኋል። ክርክሩ ያሳምን አያሳምን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቁም ነገሩ ለራሱ ጨዋታ የሚሟገት ሰው መኖሩ ነው። የእኛው ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ግን የአርሴናልን አሰላለፍ አስመልክቶ ወዳጅነት እስኪሻክር ይከራከራሉ፤ ስለ አገራቸው ሊግ ሲነሣ ወዲያው ይስማማሉ። አይረባም ብለው።

እውነተኛው ምክንያት ሌላ ይመስለኛል። ሩቅ ያለ ክለብ አያስቸግርም። ለኳስ መግዣ አዋጡ ብሎ ደረሰኝ ይዞ ሱቅ ለሱቅ አይዞርም። ለቡድኑ ትራንስፖርት መኪና አይለምንም። ልጅህን ለልምምድ ላከው አይልም። ሲሸነፍም በማግስቱ በረኛውን ባጃጅ ተራ ላይ አታገኘውም። የሰፈሩ አጥቂ ግን የጎረቤት ልጅ ነው፤ ሱቅ ያለበትን ዱቤ እናውቃለን፣ ሒሳብ ላይ ስንት እንዳመጣ እናውቃለን። እንዲህ ያለውን ሰው ፎቶ ግድግዳ ላይ መስቀል ይከብዳል። “በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል” የሚለው ተረት የትም ቢነገር፣ ሰው ጎንበስ ብሎ ወርቅ በሚያጥብበት አገር ሲነገር ግን ትንሽ ያሳፍራል።

ለሩቁ የምንሰጠው ፍቅር ርካሽ መሆኑን የሚያውቅ ደግሞ ኪሳችን ነው። ውርርድ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማችሁ ትኬቱን እዩ። ከደረቱ ላይ የአርሴናል መድፍ ያለበት ሰው፣ አርሴናልን የሚያቅተው ጨዋታ መስሎ ከታየው ብሩን በተጋጣሚው ላይ ያስቀምጣል። ልቡ ለንደን፣ ብሩ ሌላ ቦታ! ማታ ሲያሸንፍ ይዘምራል፤ ትኬቱን ግን ቀዶ ይጥላል። ሲሸነፍ ያዝናል፤ ወጥቶ ገንዘቡን ይቀበላል።

በዚህ የሩቅ ፍቅር ውስጥ መብራትም የራሷ ድርሻ አላት። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ አሶሳ በምትገኝበት በዚሁ ክልል፣ ጉባ ላይ ነው የቆመው። ስለ ኃይል አቅርቦት ግን ሞቅ ያለ ሕዝባዊ ውይይት የሚሰማው በ88ኛው ደቂቃ መብራት ድርግም ሲል ነው። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ያለው ቁጣ የወረዳውን ሜዳ ጎርፍ ሲወስደው አልታየም።

አንባቢዬ፣ አርሴናልን ተው ማንቼን ጣል የሚል የለም። ማታ 2:30 ላይ ቦታህ አይወሰድብህም። ነገር ግን ቅዳሜ ጠዋት የሰፈርህ ልጆች በሚጫወቱበት ሜዳ ዳር አንድ ጊዜ ቁም፤ የአንድ ቀን መግቢያህን ለኳሳቸው ስጥ። በዳኛው መጮህ ካማረህም ጩኽ። የለንደኑ ዳኛ ይህን ሁሉ ዓመት አንዲት ቃልህን አልሰማም፤ የአሶሳው ግን ይሰማሃል፤ ከባሰም መጥቶ “ና፣ አንተ ዳኝ” ብሎ ፊሽካውን ይሰጥሃል።