ሙያ በልብ ላልኸኝ አማካሪ

«ሙያ በልብ ነው፤ ዘዴዬን ከነገርሁ ማን ይቀጥረኛል?» አልኸኝ፣ ወንድምዓለም። መልሱ መንዝ ነው ያለው።

የመንዝን በግ የማሻሻሉ ሥራ ቀድሞ በደብረ ብርሃንና በአመድ ጉያ ማራቢያ ጣቢያዎች ነበር። ከእስራኤል የመጣው አዋሲ የተባለ ዝርያ ከመንዝ በግ ጋር እየተዳቀለ አውራው ለገበሬ ይታደል ነበር። አውራው ደጁ ደረሰ፤ አመራረጡ አጥር ውስጥ ቀረ። ያ አውራ ሲያረጅ ገበሬው በምን ይቀጥል? ተመልሶ ጣቢያውን ደጅ ይጥና? በመንደሩ ደግሞ ምርጫው የተገላቢጦሽ ነበር፦ ፈጥኖ ያደገው ጠቦት ለገበያ ይወጣል፣ ገዢ ያጣው ቀርቶ የመንጋ አባት ይሆናል።

በ2001 ዓ.ም. ገደማ የዓለም አቀፎቹ የምርምር ተቋማት የኢካርዳና የኢልሪ፣ እንዲሁም የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በመንዝ መሐል ሜዳና ሞላሌ ላይ ሌላ መንገድ ያዙ። ዘዴውን ራሱን ለአርቢው ሰጡት። ግልገሉ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል፤ ሲወለድ፣ ጡት ሲጥል፣ ስድስት ወር ሲሞላው ይመዘናል፤ ክብደቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ አርቢዎቹ ተሰብስበው መዝገቡንም በጉንም አይተው አውራ ይመርጣሉ። ቁመናው፣ መልኩ፣ ላቱ የእነሱ ፍርድ ነው። የተመረጠው በጋራ ያገለግላል፤ ያልተመረጠው ይኮላሻል ወይም ይሸጣል።

ባለሙያዎቹስ ጦማቸውን አደሩ? አሠራሩን በመመሪያ አሳትመው ለፈለገ ሁሉ አወጡት፤ ዛሬ ማላዊና ኡጋንዳ ድረስ የፍየል አርቢዎች ይሠሩበታል። የገለጡት ዘዴ ስማቸውን አስጠራው እንጂ እንጀራቸውን አልቀማቸውም።

«ይሰርቁኛል» አልህ። ጤፍን አስታወስኸኝ። አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን በፓተንት የራሱ አድርጎ ነበር፤ ያንገበግባል፣ እውነት ነው። ግን በኅዳር 2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት የፈጠራ ብልሃት የለበትም ብሎ ሻረበት። ቀድሞ በአደባባይ የታወቀ አሠራር ለማንም ፈጠራ ተብሎ አይመዘገብም፤ ሕጉ ይህ ነው። እንግዲህ ከሌባ የሚጠብቅህ ጽፈህ በስምህ ማውጣትህ ነው። በሆድህ የያዝኸውን ሌላው ቀድሞህ ቢያስመዘግበው በምን ትከራከራለህ?

«ገበሬው አይገባውም» ያልኸው ግን ከሁሉም ይከፋል። የመንዝን የጓሳ ሜዳ ማን ጠበቀው? ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ቀሮ በተባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሜዳውን ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ ከፍተው፣ ያለ ጊዜው ያጨደውን ቀጥተው ነው። ማን መቼ እንደሚያጭድ፣ የጣሰ ምን እንደሚከፍል ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። በምስጢር የተያዘ ደንብ ሣር አያስጠብቅም! የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የቀሮን መብት ሲሽር ሜዳው ተጎዳ፤ ማኅበረሰቡ በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ ያዘው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም አሉበት። ዘለዓለም ተፈራ የዶክትሬት ጥናታቸውን በዚሁ ሥርዓት ላይ ሲሠሩ አገሬው የአባቶቹን ብልሃት ነግሯቸዋል። አንተስ ጥናትህን የሞላኸው ከማን ቃል ነው? ገበሬው የዘመናት ዕውቀቱን በነጻ ሰጥቶህ አንተ የስድስት ወር ስሌትህን ትደብቀዋለህ?

የደንበኛህን ገመና ጠብቅ፤ እሱ ያንተ አይደለም። ዘዴህን ግን ካላየሁት ውጤትህን በምን ላምነው? ስንት ቤት ጠየቅህ? ማን መረጣቸው? እምቢ ያለህስ? «ጥናቱ እንደሚያመለክተው» ብቻ ብለህ አትለፈኝ፤ ጥናቱን ያሠራህ ወረዳ በጀቱን የሚመድበው አንተን አምኖ ነው፣ ስትሳሳት የሚከስረውም እሱ ነው።

ስለዚህ ወንድምዓለም፣ የሚቀጥለውን ጥናት ስታስረክብ ጥያቄዎችህን፣ የናሙና አመራረጥህንና ስሌትህን በአማርኛ ጽፈህ አባሪ አድርግ። አንዱን ቅጂ ለወረዳው፣ አንዱን ቃሉን ለሰጠህ ቀበሌ ተው።