ጭርትን በክብር ማስተናገጃ

መጀመሪያ ድመት ያግኙ። ግልገል ከሆነች ሥራው ይፋጠናል። የእንስሳት ሐኪም ደጅ አያድርሷት። የጆሮዋ ጫፍ ላይ ፀጉሯ ሳስቶ ካዩ «የኖርዝ ሆሊውድ ሙቀት ነው» ብለው ይለፉት። ምንም የማይታይባት ድመትም የጭርቱን ፈንገስ ይዛ ልትዞር ትችላለች፤ ስለዚህ ዓይንዎን ብቻ ይመኑ።

አገር ቤት ድመት የምትቀጠረው ለአይጥ ነበር፤ ማድ ቤት ውላ ማድ ቤት ታድራለች። እዚህ ግን ከልጅዎ ጋር ትራስ ትጋራ። አያቱ የላኩለትን ጋቢም ያልብሷት፤ ጋቢው እንዳይታጠብ አደራ! ከፀጉሯ ጋር የሚረግፈው የፈንገስ ዘር ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ያለ ታጋሽ እንግዳ ከየት ይገኛል?

ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ የልጁ ጉንጭ ላይ ሳንቲም የሚያህል ቀይ ክብ ብቅ ይላል፤ ጠርዙ ከፍ ብሎ ይላጣል፣ መሃሉ እየጠራ ይሄዳል። ፀጉር አስተካካዩን ይክሰሱ፣ ካልሆነም የሰው ዓይን ነው ይበሉ። ድመቷን ማንም እንዳይጠረጥርብዎ።

ቅዳሜ ፌርፋክስ ይውረዱ። የሎስ አንጀለስ ከተማ በ2002 እ.ኤ.አ. ሰፈሩን «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሲሰይም የክሊኒክ ፈቃድም አብሮ የሰጠ ይመስል፣ ቡና ላይ ሐኪም ያልሆነ አይገኝም። አንዷ ፌጦ በሎሚ ታዝዛለች፤ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት እሸው ትላለች (የሕፃን ቆዳ ያቃጥላል እኮ!)። ከቦርሳዋ ግማሹ ያለቀ የቅባት ቱቦ አውጥታ «ይኼ ለሁሉም ነው» የምትል እህት ካለች ግን ዕድልዎ ሰመረ። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ቅላቱንና ማሳከኩን ወዲያው ያስታግሳል፣ ፈንገሱን ያደልባል። ክቡም መልኩን ስለሚቀይር ሐኪሙን ሳይቀር ያሳስታል።

ጭርቱ የልጁ ራስ ላይ ወጥቶ ቆረቆር ሲሆንም መቀባትዎን አይተዉ። ቅባት የፀጉር ሥር ድረስ አይዘልቅም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ግሪሴኦፉልቪን ከታዘዘለት ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወሰዳል፤ ስብ ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ደግሞ ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። ቅቤ በሐኪም ሲታዘዝልን እንኳ እምቢ! በሁለተኛው ሳምንት ያቋርጡት። ራሱ አብጦ መግል ከቋጠረ በኋላ እዚያ ቦታ ፀጉር ዳግም ላይበቅል ይችላል።

ቀልዱን ልተወውና፣ ክቡን ያዩ ዕለት ልጁን ለሐኪም፣ ድመቷን ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ፤ ጋቢውንም ይጠቡት። ድመቷን አያባርሯት፤ እሷም ታክማ ትድናለች።