የሦስት ፊደል ሰዎች

ድሮ ሰው «አሜሪካ ሄደ» ይባል ነበር። የዛሬው ከኤዲዲ ወደ አይኤዲ ነው የሚበረው፤ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ደለስ ማለቱ ነው፣ ለእናቱ ማን ይተርጉምላት? የደለስ አየር ማረፊያ ኮድም ጥንት ዲአይኤ ነበር። ከጎረቤቱ አየር ማረፊያ ከዲሲኤ ጋር እየተምታታ ሲያስቸግር የፊደሎቹን ቦታ ቀያይረው ተገላገሉ። ቶሮንቶ ዋይዋይዜድ ናት፤ ከስሟ አንድ ፊደል እንኳ አልደረሳትም። ጎንደር ደግሞ ጂዲኪው። (ኪዋ ከየት እንደመጣች አፄ ፋሲልም የሚያውቁ አይመስለኝም።)

ከሁሉ የሚብሰው ኢቲኤ ነው፤ መድረሻ ሰዓት መሆኑ ነው። እንግዳው «ኢቲኤ 7፡30 ጠዋት» ብሎ ይጽፋል። ቤተሰቡ ሰባት ሰዓት ተኩል ብሎ ያነባል፤ «ጠዋት» የምትለዋን እንደ ስህተት ይቅር ብሏታል። ሰውየው በሀበሻ አንድ ሰዓት ተኩል ቦሌ ወርዶ ሻንጣው ላይ ተጎልቷል፤ እቤት ገና ዶሮ እየተገነጠለ ነው።