ጦጢትና የጅንባር ፏፏቴ

ተረት ተረት።
የላም በረት።

በሰሜን ተራሮች፣ ግጭ ከሚባለው ሜዳ አጠገብ፣ የጅንባር ወንዝ ገደል ሲደርስ መሬት ይከዳውና 500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። በዚያ አፋፍ አንድ የጭላዳ መንጋ ይኖር ነበር። ጭላዶቹ ሌሊቱን የገደሉ ግድግዳ ላይ ያድራሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ብቅ ይሉና እርስ በርስ ሲቀማመሉ፣ ሣር በጣታቸው እየነጩ ሲበሉ ይውላሉ። ፏፏቴው ከኋላቸው ያገሣል። ዞሮ የሚያየው ግን የለም። ተወልዶ ዓይኑን ሲገልጥ ያገኘውን ነገር ማን ቆሞ ያያል?

አንድ መስከረም ላይ ከተከዜ ቆላ አንዲት ጦጣ አቀበቱን ወጥታ መጣች። ብርዱ እያንቀጠቀጣት ከገደሉ ጥቂት ፈቀቅ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጭጋግ ገደሉን ሞልቶት ስለነበር ድምፁን እንጂ ውሃውን አላየችም።

“ይሄ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው?” ብላ ጠየቀች።

አንድ ጎረምሳ ጭላዳ ሊነግራት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። “ቆይ፣ ራሷ ትየው” አለ በሆዱ። ወንድሙን በክርኑ ጎሸም አደረገው፤ ወንድሙ አጎቱን ጠራ፤ አጎቱ ጎረቤቱን ጠቀሰ። እሷ ጭጋጉን ስታይ እነሱ እሷን ያዩ ጀመር። የሚመጣውን እነሱ ያውቃሉ፣ እሷ አታውቅም። እንዲህ ያለ ደስታ መንጋው ከዚያ በፊት ቀምሶ አያውቅም።

ጭጋጉ ተገለጠ። የጦጢት መንጋጋ ወደቀ፤ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች፤ “ኧረ ጉድ! ኧረ የአገር ያለህ!” ብላ ወደ ኋላዋ ተገነደሰች። መንጋው በሣቅ ፈረሰ።

የዚያን ዕለት ማታ ከጦጢት ሌላ ወሬ አልነበረም።

“እኔ ያንን ውሃ ያየሁት እናቴ ጀርባ ላይ ሆኜ ነው” አለ አንድ ሽማግሌ። “ከዚያ ወዲህ አጠገቡ ኖርኩ እንጂ አላየሁትም። ዛሬ በዚያች ልጅ ዓይን ደግሜ አየሁት።”

የመንጋው አለቃ ነኝ የሚለው ቀዩን ደረቱን ነፋ አድርጎ “እኔን ደስ ያለኝ ሌላ ነው” አለ። “ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ የእኛን ነገር ሲያደንቅ መስማት እንዴት ያኮራል!”

“አንተስ አድንቀኸው ታውቃለህ?”

“እኔማ የቤቴ ነው፤ ምን ያስደንቀኛል?”

ከሁሉም ራቅ ብሎ የተቀመጠ አንድ ላጤ ነበር። ሚስት የለችው፣ የሚቀምለው የለው። “እኔ ማታ ማታ ብቻዬን አየዋለሁ” አለ ቀስ ብሎ። “ለማንም ነግሬ አላውቅም። እሷ ስትጮህ ግን፣ ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም አልኩ።” ማንም አልመለሰለትም፤ ወሬው ወደ ጦጢት ተመለሰ።

በማግስቱ መንጋው ድንጋዩን ከብቦ ጠበቃት፤ ፊቱ ወደ ጦጢት፣ ጀርባው ወደ ፏፏቴው ነው። ጦጢትም ነገሩ ወዲያው ገባት። “ያለ ቀለብ የሚጮህ ጉሮሮ የለም” አለቻቸው። የሣር ፍሬውንም፣ ቆፍረው ያወጡትንም ሥር ያመጡላት ጀመር። ጠዋት ጠዋት ፊቷን በጤዛ ታብስና ድንጋዩ ላይ ወጥታ “ወገኖቼ፣ ዛሬ ገና ማየቴ ነው!” ትላለች። “ትናንትስ?” የሚላት የለም። ቀለቡ ሲጨምር ጩኸቱም ጨመረ፤ በመስከረም ራሷን የያዘችው በጥቅምት ትንከባለል ጀመር፣ በኅዳር ራሷን ስታ ትወድቅ ጀመር።

ገበያው ሲደራ ሽኮኮውም የራሱን ድንጋይ ይዞ መጮህ ጀመረ። ቁራው ደግሞ ሽኮኮው ጦጢትን ሲያያት እያየ ይጮህ ነበር፤ እሱም ተመልካች አላጣም።

ይህን ያየች ጦጢት ተቆጣች። “በዚህ ተራራ ላይ መደነቅን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ አፉን የሚከፍት ሁሉ ከቀለቡ ያካፍለኝ” ብላ አወጀች። መንጋው ጨሰ። “መደነቅ የማንም ርስት አይደለም!” ብሎ ድንጋይዋን ባዶውን ተወላት። ጦጢት አዋጇን ሰረዘች፤ መንጋውም ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ ቦታ ቦታውን ያዘ።

ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥር አለፈ። በጋው ሲበረታ ወንዙ እያነሰ ሄዶ በየካቲት ከክር ቀጠነ። ጦጢት ግን ትጮሃለች፤ መንጋውም ያያታል። አንድ ቀን ያ ላጤ ጆሮውን አቆመ። የጎደለ ነገር አለ። ዞር ብሎ ገደሉን አየ፤ ከደረቅ ዓለት በቀር ምንም የለም።

“እመት ጦጢት፣ የሚጮህለት ውሃ የታለ?” አለ።

ጦጢት አላፈረችም። “ልጄ፣ ከመካከላችሁ ውሃ ሊያይ የመጣ አለ?”

መንጋው ተያየ። አለቃው “አንተ ልጅ፣ ዝም በል፤ እያየን ነው” ብሎ ላጤውን ገሠጸው።

ይህን ጊዜ አንዲት አሮጊት ጭላዳ ከመካከል ተነሥታ መጣችና ላጤው አጠገብ ተቀመጠች። ምንም ሳትል የጀርባውን ጠጉር ገለጥ ገለጥ እያደረገች ትቀምለው ጀመር። ቆየችና አፏን በሰፊው ከፍታ አዛጋች። ላጤውም አዛጋ። ወዲያ ማዶ የተቀመጡት ልጆቿ አዛጉ፤ ከልጆቿ ጋር የሚቀማመሉትም አዛጉ። ከዚያ በኋላ ማዛጋቱ እየደከመ ሄዶ አለቃው ዘንድ ሳይደርስ ቀረ።

“አየህ ልጄ” አለችው፣ “ማዛጋት የሚያልፍበት መንገድ አለው። ቶሎ የሚይዘው የሚቀርብህን ነው። ከመስከረም ጀምሮ የጦጢትን ፊት ስታይ ከርመሃል። አንተ ስታዛጋ አዛግታልህ ታውቃለች?”

“እማማ፣ እሷ እኮ እኔን አይታኝ አታውቅም።”

“እንግዲያው የራበህ ሌላ፣ የምትበላው ሌላ ነው።”

ከዚያ ወደ መንጋው ዞረች። “በጦጢት አትፍረዱ። እሷ ጉሮሮዋን ሸጣ አደረች። ይህ ልጅ ግን እዚሁ መካከላችን ስንት ማታ ብቻውን ውሃውን ሲያይ አመሸ። ‘ምን ታያለህ?’ ብሎ አጠገቡ የተቀመጠ አለ? ያንን የጠየቀው ቢኖር ኖሮ ቀለቡን ለእንግዳ ባልገበረ!”

ጦጢት ቀለቧን ቋጥራ ወደ ቆላ ወረደች። ክረምቱ ወንዙን ሲሞላው ተመልሳ ያንኑ ድንጋይ ያዘች፤ መንጋውም ተሰበሰበላት። ላጤውም መጣ፤ ዘንድሮ ግን አሮጊቷንና የልጅ ልጆቿን አስከትሎ ነው። አንዴ ጦጢትን፣ አንዴ ውሃውን እያዩ፣ “አሁንስ አበዛችው!” “የለም፣ እውነቷን ነው!” እየተባባሉ ሲከራከሩ ዋሉ።

የተረቱ ፍቺ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ‘ጌም ኦፍ ትሮንስ’ የተባለው ተከታታይ ድራማ ዋና ዋና ሰዎቹን በሠርግ ድግስ ላይ ሲያሳርድ፣ መጽሐፉን አስቀድመው ያነበቡ ሰዎች ያላነበቡ ጓደኞቻቸውን ፊት በስልክ ቀረጹ፤ ያንን ድንጋጤም ብዙ ሰው በዩቲዩብ አየው። በ2016 ደግሞ ፋይን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች የሰውን ድንጋጤና አድናቆት የሚያሳዩ ቪዲዮዎች የሚጠሩበትን ‘ሪአክት’ የሚለውን ቃል የንግድ ምልክታቸው ሊያደርጉ መሆኑ ተሰማ፤ ተመልካቹ ሲያምፅባቸው በቀናት ውስጥ ተዉት። እኛም ፈረንጅ የቴዲ አፍሮን ዘፈን ሰምቶ ራሱን ሲወዘውዝ በቪዲዮ ለማየት እንሻማለን፤ ዘፈኑን በቃላችን የምናውቀው ግን እኛ ነን። እዚህ ላይ የአለቃው ኩራት አለበት። ሪያድ ወይም ዋሽንግተን ከሥራ መልስ ክፍሏን ዘግታ ያንኑ ቪዲዮ የምትከፍት ልጅ ግን ከአለቃው ይልቅ ለላጤው ትቀርባለች፤ ዘፈኑን አብሯት የሚሰማ ሰው አጥታ ነው።

ጦጢትን ማየት ነውር የለውም። ሲያዛጉ አብሮ የሚያዛጋ ግን ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ አንድ ያስፈልገዋል፤ እሱን ደግሞ ከድንጋዩ ላይ ሳይሆን ከጎን ነው የሚያገኙት።