ግራ እግራችንን ያሳረፉት አቶ ሲፎር ዐረፉ

ለቀስተኞች፣ ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ ግቡ፤ ዘይቱን ብቻ እንዳትረግጡት። ሟች ጋራዡ መካከል የማቀዝቀዣ ካርቶን ተነጥፎላቸው ተጋድመዋል። አርባቸው እስኪወጣ ሳይቀበሩ መቆየታቸው ነውር መሆኑን እናውቃለን። ምን ይደረግ፣ ሮድስ ራንች በሚባለው የላስ ቬጋስ ሰፈራችን ውስጥ ለአውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሆን መቃብር የለም፤ ያለው ሜዳ ጎልፍ መጫወቻ ነው።

እትዬ ንፍሮ ቀቅለዋል፣ ቡናውም ተቆልቷል። እኔ ብሎን የማላላት ጉልበቴ ታይቶ የሕይወት ታሪክ አንባቢ ሆኜ ተመድቤያለሁ። ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አነባለሁ፤ ሟች የእኛን አያውቁም ነበርና።

አቶ ሲፎር ክሩዝ-ኦ-ማቲክ በፎርድ ቤት በ1964 ተወለዱ። ሁለት ማርሽ ብቻ ይዘው ዕድሜያቸውን የገፉትን ሽማግሌ ፎርዶማቲክን ተክተው ነው ሥራ የጀመሩት። ሦስት ማርሽ ነበራቸው፤ ገላቸው አሉሚኒየም፣ ጠባያቸው ለስላሳ። ዘር ይቆጠር ካላችሁ፣ የነገዱ ታላቅ አባት የጄኔራል ሞተርሱ ሃይድራማቲክ ናቸው፤ በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ገበያ ወጥተው፣ ብዙ ሳይቆዩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኤም5 ስቱዋርት የተባለው ታንክ ሆድ ውስጥ ገብተው ዘምተዋል። አውቶማቲክ የሰነፍ ነው እያላችሁ ሟችን ስታሙ የኖራችሁ፣ ዘራቸው የዘማች ዘር መሆኑን ዛሬ ስሙ።

በ1966 ከወይዘሮ ሞተር ጋር በአንድ ሙስታንግ ኮፈኖ ሥር ተጋቡ። ወይዘሮዋ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 289 የሚባሉት፣ በእኛ ልክ 4.7 ሊትር፣ 200 የፈረስ ጉልበት አላቸው ተብሎ የተመሰከረላቸው ናቸው። በዚያው ዓመት ኸርዝ የተባለው የኪራይ መኪና ድርጅት ሺህ ያህል ሼልቢ ጂቲ350ኤች ሙስታንግ አዝዞ ነበር፤ መጀመሪያ ማኑዋል ሆነው ከመጡት ጥቂቶች በቀር አብዛኞቹን የተሸከሙት የሟች ወንድሞች ናቸው። ሼልቢ አሜሪካን ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱን ባደረገባት በዚህችው ላስ ቬጋስ ሟች "የሙስታንግ ነውር" ተብለው መሰደባቸው ግፍ ነው። ተሳዳቢው ደግሞ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ንፍሮ እየቆረጠመ ከፊቴ ተቀምጧል።

ስለ ሥራቸው ልናገር። መምረጫቸው ላይ ከኤን ቀጥሎ ሁለት ነጥቦች ነበሩ። ትልቋ አረንጓዴ ነጥብ ከአንደኛ ማርሽ አስነስታ የቀረውን ለሟች ትተውላቸዋለች። ትንሿ ከሁለተኛ የምታስነሳ፣ የሚያንሸራትት መንገድ ላይ ጎማው እንዳይሾር የታሰበች ናት። በጁላይ 2024 ሙቀቱ 48.9 ዲግሪ በደረሰባት ከተማ ትንሿ ነጥብ እንደ ሠርግ ካባ ሳትለበስ ኖረች።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሽምግልናቸው ነበር። በሞተሩና በማርሾቹ መካከል ብረት ከብረት የሚያያይዝ ነገር አልነበረም፤ የነበረው ዘይት ነው። መብራት ላይ ስትቆሙ ዘይቱ ይንሸራተታል፣ ሞተሩ አይጠፋም፣ ማንም አይሰዳደብም። ሕመማቸውም ጥቂት ነበር። አንድ ጊዜ ሁለተኛ ለመግባት ሲያመነቱ የባንዱን ማስተካከያ ብሎን አጠበቅን፣ ከዚያ አንድ ዙር ከሦስት ሩብ መልሰን አላላን፤ ዳኑ። እንዲህ ያለ ሕክምና ለጉልበቴ ባገኘሁ።

ሟች ያረፉት እንግዲህ ባደረባቸው ሕመም አይደለም። በመኪናው ባለቤት በጋሼ ላይ ባደረ ናፍቆት ነው።

ጋሼ በወጣትነታቸው የኤንትሬ ረዳት ነበሩ። ኤንትሬን ያየ አይረሳውም፤ ግንባሩ ላይ ጢም ያበቀለ የሚመስለው ፊያት 682 ኤን3 ነው። የረዳት ሥራ ደግሞ ዳገት ላይ መኪናው ሲቆም ዘሎ ወርዶ የኋላ ጎማ ሥር ታኮ መወተፍ ነበር። ከዚያ ሾፌር ሆኑ፤ ጣርማ በርን ወጥተው ወርደው እስከ አሰብ ተመላለሱ። ከዚያ አሜሪካ። ከዚያ 22 ዓመት ታክሲ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ስትሪፕ፣ ከስትሪፕ አውሮፕላን ማረፊያ።

"22 ዓመት ቀኝ እግሬ ሲሠራ ግራው ቁጭ ብሎ ያየዋል" አሉኝ አንድ ማታ። "ጡረታ ወጥቷል እኮ! አበል እንኳ የሌለው ጡረታ።"

"ታዲያ ይረፍ እንጂ ጋሼ፣ ምን አጠፋ?" አልኳቸው።

"አንተ ልጅ፣ አንተ የተወለድከው አውቶማቲክ ሆነህ ነው።"

ፍርዱ የተሰጠው ያን ማታ ነው። አገር ቤት ሳለን አውቶማቲክ የኤምባሲ መኪና ነው ሲባል ነው የምንሰማው፤ ፍሪሲዮን መርገጥ የእኛ፣ አለመርገጥ የእነሱ። ባሕር ተሻግረን አለመርገጡን አገኘነው። አሁን መርገጡን በዶላር መልሰን ልንገዛ ወጣን።

መግዛቱም ቀላል አልሆነም። ጋሼ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ገብተው "ፍሪሲዮን" አሉ። ልጁ አልሰማቸውም። ደገሙለት። ቢቸግራቸው ግራ እግራቸውን አንስተው መሬቱን ረገጥ ለቀቅ አደረጉ። ልጁ አዝኖላቸው ፋርማሲው ከመንገዱ ማዶ መሆኑን አሳያቸው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬቻ፤ ጣሊያን ሄደ፣ ቃሉ ጋራዣችን ውስጥ ቀረ፣ እኛ ደግሞ ተሸክመን ኔቫዳ በረሃ አደረስነው። ሮም ብንገባ ጋራዥ ውስጥ አንራብም ነበር።

ቀብሩ፣ ማለቴ አወጣጡ፣ ሁለት ቅዳሜ ወሰደ። የጋራዡን በር ዘግተን ነው የሠራነው። በዚህ አገር አጥር ባለው ሰፈር የቤት ባለቤቶች ማኅበር የሚባል አለ፤ መዋጮው እንደ እድር ነው፣ ሲሞቱ ግን ድንኳን አይተክልም፣ ደጅ ላይ ክሪክ የተደገፈ መኪናም አይወድም። ቀይ ዘይታቸውን ሳፋ ውስጥ አፈሰስን። ዘይቱን ወደ ራዲያተር የሚያመላልሱትን ሁለት ቀጭን ቱቦዎች ቆርጠን አፋቸውን ደፈንን። ሟች ወደ ደረቴ ሲወርዱ ግማሽ ኩንታል ያህል መሆናቸውን በአጥንቴ አረጋገጥኩ።

ወይዘሮ ሞተር ግን እንባቸው ሳይደርቅ አገቡ። አዲሱ ባል ቲ-ፋይቭ ይባላል፤ ቦርግ-ዋርነር የሠራው፣ በ80ዎቹ መጨረሻ ከነበረ ሙስታንግ የተፈታ፣ ባለ አምስት ማርሽ ጎረምሳ ነው። ለሠርጉ የገዛሁት ቮላኖ ግን የሌላ ሰው ልብስ ሆኖ ተገኘ። የ289 ቮላኖ ሚዛኑ 28 አውንስ የሚሉት ነው፤ እኔ ያመጣሁት የኋለኞቹን ሞተሮች 50 ነበር። ልክ ሲነሱ ወይዘሮዋ ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጡ፤ መደርደሪያው ላይ የነበረ ካቻቢቴ ሁሉ ተንኮሻኮሸ። እንደገና ማውረድ ነው። ጋሼ ምንም አላሉም። ምንም አለማለታቸው ከስድብ ይብስ ነበር።

ውርሱ ግን ያለ ክርክር ነው የተከፋፈለው። ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ ሳይቆረጥ ሳይቀጠል ልክክ ብሎ ለአዲሱ ሆነ። ለሁለት እግር የሚበቃው ሰፊ የፍሬን ፔዳል ወጥቶ ጠባቡ ገባ፤ አጠገቡም ያ የተናፈቀው ሦስተኛ ፔዳል። ሟች ፒ ወይም ኤን ላይ ካልሆኑ ሞተሪኖው እንዳይዞር የሚከለክል ዘበኛ ማብሪያ ነበራቸው፤ ሽቦውን አገናኝተን ዘበኛውን አሰናበትን። በማግሥቱ ማርሽ ውስጥ መሆኑን ሳላይ ቁልፍ አዞርኩ። መኪናው እንደ ጥጃ ዘልሎ የእትዬን የልብስ ሳሙና ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። ሟች በነፍስ ሳሉ እንዲህ ያለ ነገር አድርገውን አያውቁም።

ዘይት ልንሞላ ስንል ነው ነገሩ አንጀቴን የበላኝ። ቲ-ፋይቭ እንደ ደንበኛ ማኑዋል ወፍራም የማርሽ ዘይት የሚጠጣ መስሎኝ ነበር። የለም፤ የሚጠጣው የአውቶማቲክ ዘይት ነው። ዓይነቱ ከሟች ይለይ እንጂ ያው ቀዩን። ጋሼ ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት፣ ሳፋውን አዩት፣ "ደሙን ነው የምናጠጣው?" ብለው ዝም አሉ። እኔ ማንቆርቆሪያውን ያዝኩ።

አዲስ አበባ ያለው የወንድማቸው ልጅ በቪዲዮ ደውሎ ነበር ያን ለት። ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል፤ መንግሥት በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ሌላ ምን ይገዛል። ጋሼ ስልኩን ፔዳሎቹ ላይ ደቅነው "እየው፣ ሦስት!" አሉት። ልጁ ትንሽ አሰበና "ሦስተኛው ለምንድነው አጎቴ?" አለ። የእሱ መኪና የሚቀያየር ማርሽ የለውም፤ ካምቢዮው የትኛው ነው ብትሉት ኮፈኖ ከፍቶ ይፈልጋል። እንግዲህ ለቀስተኞች፣ ድንኳኑን አትንቀሉት። ወራሹም ብዙ የሚቆይ አይመስልም።

ለአቶ ሲፎር ግን ተስፋ አለ። የፊታችን እሑድ አንድ የእሽቅድምድም ልጅ ሊወስዳቸው ይመጣል። አጭር ርቀት ላይ የሚወዳደሩት ሟችን ይፈልጓቸዋል፤ ቀላል ናቸው፣ ጉልበትም ብዙ አይበሉም። እኛ የሰነፍ ብለን አውጥተን የጣልናቸውን እሱ ለፍጥነት ሊያስነሳቸው ነው። ሲጭናቸው እርዱት፤ በግራ በኩል ይከብዳሉ።

የመጀመሪያውን ጉዞ ሳልናገር ወረቀቱን አላጥፍም። በዱራንጎ ጎዳና ወርደን ብሉ ዳይመንድ መንገድ ገባን፤ ወደ ተራራው ዞርን። ጋሼ ማርሹን ሲያስገቡ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ፤ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ። አምስተኛው ላይ ወይዘሮ ሞተር ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከብሉ ዳይመንድ መንደር አጠገብ፣ ዳገቱ ላይ፣ የዱር አህዮች አስፋልቱን ዘግተው ቆመው አገኘናቸው። አህያ ለማየት ይህን ያህል ባሕር ማቋረጥ! ቆምን። አህዮቹ መንገድ ሲለቁ ጋሼ ፍሪሲዮኑን ለቀቁ፤ ሞተሩ ጠፋ። መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ከኋላችን ነጭ ቴስላ ነበር።

"ታኮ!" አሉ ጋሼ፣ በኤንትሬ ድምፅ።

በሩን ከፍቼ ዘለልኩ። የእሑድ ጫማ አድርጌያለሁ። ከመንገዱ ዳር ቀይ ድንጋይ አንስቼ ስመለስ መኪናው በእጅ ፍሬን ቆሟል፣ ጋሼ መሪው ላይ ተደፍተው ይስቃሉ፣ ግራ እግራቸው ፔዳሉ ላይ ይንቀጠቀጣል።