የብርጭቆው ስኳር ድንች

ይህን ሰሞን ቤቴ የሚገባ ሰው ሁሉ ከሰላምታ በፊት መስኮቱን ነው የሚያየው። መስኮቱ ላይ ብርጭቆ አለ፤ ብርጭቆው ውስጥ በስቴኪኒ ተደግፎ፣ ቂጡን ውኃ ውስጥ የነከረ አንድ ስኳር ድንች ተቀምጧል። «ምንድን ነው?» ይሉኛል። «ስኳር ድንች ነው።» «ምን ሊሆን?» «ሊበቅል።» ከዚያ ዝም ነው። ቡናው እስኪቀዳ ድረስ ሁላችንም ድንቹን እናያለን። ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ በመጡ ቁጥር ጥያቄ አይለውጡም፦ «ልጄ፣ ለምን ቀቅለህ አትበላውም?»

መልስ የለኝም። ያናደደኝም ይኸው ነው።

ነገሩን ያመጣው ባሕር ዳር ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። ስኳር ድንቹን በሰው፣ ቪዲዮውን በቴሌግራም ላከ። ቪዲዮው ላይ አንዲት ሴትዮ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ለብሳ፣ በባዶ እግሯ ሣር ላይ ቆማ «በጣም ቀላል ነው» ትላለች። ልብ ብሎ ያየ ሰው ነገሩን እዚያው ይተወው ነበር፤ እኔ በምኖርበት በገሳይ ጓሮውን በባዶ ክንድ የሚኮተኩት ሰው የለም። እኔ ራሴ ቪዲዮውን ያየሁት ጋቢ በጋቢ ደርቤ ነው።

አሠራሩ ግን እውነትም ቀላል ነው። ስኳር ድንች እንደኛው ድንች ዝም ብሎ አይቀበርም። ሥሩን ሞቅ ባለ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ከፊሉን ቀብረው፣ ወይም እንደኔ ውኃ ላይ አቁመው ያስጎነቁሉታል፤ ቡቃያው አንድ ስንዝር ሲያልፍ ገንጥለው፣ ሥር አስይዘው መደብ ላይ ይተክሉታል። የወላይታና የሲዳማ ገበሬ እንዲያውም ለዚህ ሁሉ ጣጣ ጊዜ የለውም፤ ከቆመው ማሳ ላይ ክንድ የማይሞላ ሐረግ ቆርጦ ግማሹን አፈር ያለብሰዋል፣ አንጓው ራሱ ሥር ያወጣል። ሦስት አራት ወር፣ ቢዘገይ አምስት፣ ከዚያ መብላት ነው። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነውን፣ ቫይታሚን ኤ የሞላበትን ዓይነት ለአፍሪካ ገበሬ ያዳረሱ ተመራማሪዎችማ በፈረንጆች 2016 የዓለም ምግብ ሽልማትን አግኝተውበታል። ሽልማቱ ይገባቸዋል። ብቻ ሴትዮዋ ሳትናገር ያለፈችው አንድ ነገር አለ፤ ሙቀት። አፈሩ ሞቅ ካላለ ስኳር ድንች አይንቀሳቀስም፤ ውርጭ ካገኘው ቅጠሉ ባንድ ሌሊት ይጠቁራል። እኛ ደግሞ ያለነው ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጉናን ተንተርሰን ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ሌሊት ሌሊት የሚያወርደው ብርድ የት የሚደርስ ይመስላችኋል? ብርጭቆዬ ውስጥ።

እኔ ይህን ሳስታምም፣ አልጋ ሥር የተኛው ያገሬ ድንች ያለ ብርጭቆ፣ ያለ ቴሌግራም ጎንቁሎ ጆንያውን በስቶ ወጥቷል። ዞር ብሎ ያየው የለም። ድንች እኛ ዘንድ አይመሰገንም። ጾም ሲገባ በወጥ፣ ክረምት ላይ እህል ከጎተራ ሲሟጠጥ በቅቅል፣ አውቶቡስ ሲቆም በላስቲክ ከነሚጥሚጣው በመስኮት። ስንበላው ከርመን፣ እንግዳ ሲመጣብን «ምን አለ ብለህ ነው፣ ድንች ብቻ ነው» እንላለን።

ለነገሩ እሱም እንግዳ ነበር። ወደ አገራችን አስገባው የሚባለው ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር ነው፤ ዘመኑም በፈረንጆች 1858። ሺምፐር ዕፅዋት ለቃሚ ነበር። ዓድዋ ብዙ ዘመን ኖሯል፣ ደጃዝማች ውቤ እንጥጮን ሾመውታል፤ በኋላም በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ጋፋት መጥቶ ቅጠል ለቅሟል። ጋፋት ማለት ሌሎቹ ፈረንጆች መድፍ ይሠሩበት የነበረው ሠፈር ነው። ጋፋት ከተነሣ ደግሞ ሴባስቶፖልን ሳያነሣ የሚያልፍ የደብረ ታቦር ሰው አላውቅም፤ እኔም አላልፍም። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ያ መድፍ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሣ። መንገድ የለም። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ ሠራዊቱ ገደል እየናደ፣ የበሽሎን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ፣ መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሰ። የት ድንች፣ የት ሴባስቶፖል ትሉ ይሆናል። ቆዩኝ።

ያ መድፍ መንገድ በሌለበት አገር ተጎትቶ፣ ከታሰበበት ቦታ ደረሰ። ዛሬ መንገድ አለ፣ አይሱዙ አለ፣ ስልክ አለ፤ 70 ኩንታል ድንች ግን ከገሳይ ተነሥቶ ገበሬውን ሳያከስር ባሕር ዳር አይገባም! ድንቹ ሁሉ የሚወጣው ባንድ ሰሞን ነው፤ ደላላው ይህን ያውቃል። መንገድ ዳር ከተከመረው ጆንያ ፊት፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ዋጋ ሳይጠራ ፀሐዩን እያየ ይቆማል። ፀሐይ የዋለበት ድንች አረንጓዴ እንደሚሆን፣ እንደሚመርም ያውቃል፤ ሲመሽ ገበሬው ጆንያውን አዝሎ ወደ ቤቱ እንደማይመለስም ያውቃል። አንዳንዱ ገበሬ ዋጋ እስኪሻል ብሎ ሳይቆፍር መሬት ውስጥ ያቆየዋል፤ ያኔም ትልና አይጥ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፣ እሱ ደግሞ መሬቱን ለሚቀጥለው ዘር ማረስ አለበት። ጉዳኔና በለጠ የሚባሉትን ምርጥ ዘሮች ትከሉ ተባለ፣ ተተከለ። ምርት ጨምሩ ተባለ፣ ተጨመረ። ጨምሮ የት ይግባ? ለመብል የሚሆን ድንች የሚፈልገው ጨለማና ቅዝቃዜ ነው። ቅዝቃዜ ነው ገሳይ ላይ የጠፋው? ጉናን የሚያህል ፍሪጅ ራስጌ ተገትሮ፣ አራት ግድግዳና አንድ ጣራ ጠፍቶ ድንች ይበሰብሳል! ይህን የሚያስረዳ ቪዲዮ እስካሁን የላከልኝ የለም።

ይሁን። ደላላውም ልጆች አሉት፤ ድንች ገዝቶ መንገድ ላይ የበሰበሰበት ቀንም አይጠፋም። ለዘር የሚሆነውን በተመለከተማ ደህና ብልሃት መጥቷል። እንጨት ርብራብ አድርገው፣ ብርሃን በየቀዳዳው የሚገባበት መደርደሪያ ይሠሩና ዘሩን ስስ አድርገው ይደረድሩታል፤ ጉንቁሉ እንደ አልጋ ሥሩ ነጭ ቀጭን ሆኖ አይዘረጋም፣ አጭርና ወፍራም፣ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፣ ሲተከልም አይሰበርም። እንዲህ ያለውን መደርደሪያ አንድ ገበሬ ቤት አይቼ ደስ ቢለኝ ስለ ስኳር ድንቹ አማከርኳቸው። ገበሬው ብዙ አሰቡ። «ይበቅላልስ ይበቅላል» አሉ በመጨረሻ፣ «እዚህ ግን አይደለም።»

ባለቤቴ ግን ተስፋ አልቆረጠችም፤ ብርጭቆውን ከመስኮት አንሥታ ምድጃው አጠገብ አድርጋዋለች። ትናንት ሐምራዊ ነገር ጫፉ ላይ ብቅ ብሏል። እኔ ቡቃያ ነው እላለሁ፣ እትዬ ሻጋታ ነው ይላሉ፣ ባለቤቴ ድምፅ አልሰጠችም። ቡቃያ ከሆነ ወደ ወረታ ለሚወርድ ሰው እሰጠዋለሁ፤ እዚያ ያለው የፎገራ ሜዳ ሞቃት ነው፣ ይስማማዋል።

ባሕር ዳርና ጎንደር ያላችሁ ግን፣ የድንች ወቅት ሲደርስ ባለሱቁን ከየት እንዳመጣው ጠይቁት። የገሳይ ነው ካላችሁ በዋጋ አትከራከሩ፤ አንድ ኪሎ ጨምሩበት።