ሁለት ነጥብና አንድ እናት

በሁለት የተለያዩ ነጥቦች የሚያልፍ ቀጥታ መስመር አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ነጥቦቹን ያወቀ ሰው እኩልዮሹን ለማግኘት የሚቀረው መቀነስና ማካፈል ነው፤ ተማሪ የሚወድቀውም እዚያው ላይ ነው።

ለዚህ ከቴርሞሜትር የተሻለ ማሳያ አይገኝም። አሜሪካ የሚኖር ልጅ አዲስ አበባ ላሉ እናቱ ደውሎ «እማዬ፣ ዛሬ ሙቀቱ 90 ዲግሪ ገባ» ሲል፣ እናት «ወይኔ ልጄን!» ቢሉ አይፈረድባቸውም። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ በእሳቸው ሂሳብ ልጁ የደወለው ለመፍላት ሁለት ዲግሪ ሲቀረው ነው።

ልጁ የተናገረው በፋራናይት፣ እናት የሰሙት በሴልሺየስ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ቀጥታ መስመር ሲሆን ነጥቦቹን ውሃ ራሱ ይሰጣል፤ በ0 ሴልሺየስ ወይም በ32 ፋራናይት በረዶ ይሆናል፤ በባሕር ወለል ደግሞ በ100 ሴልሺየስ ወይም በ212 ፋራናይት ይፈላል። ነጥቦቹ እንግዲህ (0፣ 32) እና (100፣ 212) ናቸው።

መጀመሪያ የሚፈለገው ተማሪ «ስሎፕ»፣ እግረኛ ግን «ዳገት» የሚለው ነው፦ የሽቅቡ ለውጥ ለአግድሙ ለውጥ ሲካፈል። ከ212 ላይ 32 ሲቀነስ 180፤ ከ100 ላይ 0 ሲቀነስ 100፤ ሲካፈል 1.8። ላይኛውን ከሁለተኛው ነጥብ፣ ታችኛውን ከመጀመሪያው የጀመረ ግን −1.8 ያገኛል። በእሱ መስመር ጀበናው 100 ሴልሺየስ ላይ ሲንተከተክ ፋራናይቱ ከዜሮ በታች 148 ይወርዳል፤ ቡናው የሚቀዳው በመዶሻ ነው።

ቀጥሎ ፋ = 1.8 × ሴ + ቁ ተብሎ ይጻፍና ከነጥቦቹ አንዱ ይተካል። ብልህ ዜሮ ያለበትን ይመርጣል፤ ቁ ወዲያው 32 ይሆናል። ስለዚህ ፋ = 1.8 × ሴ + 32። ማረጋገጫው ሌላውን ነጥብ መተካት ነው፤ 1.8 × 100 + 32 ልክ 212 ይሰጣል። ባለመዶሻው ይህን ቢያደርግ ኖሮ ቡናውን በወጉ ይጠጣ ነበር።

ነጥቦቹ እንደ (3፣ 1) እና (3፣ 7) አንዱ ከሌላው አናት ላይ ከሆኑ አግድሙ ለውጥ ዜሮ ነውና ማካፈል አይቻልም። መስመሩ ግድግዳ ነው፤ ስሎፕ የለውም፤ እኩልዮሹም ኤክስ = 3 ብቻ ነው።

የልጁ 90፣ 32 ተቀንሶለት ለ1.8 ሲካፈል 32 ሴልሺየስ ገደማ ይወጣል፤ ለድሬዳዋ ሰው ተራ ቀን ነው። ሁለቱ መለኪያዎች እኩል የሚሆኑት ከዜሮ በታች 40 ላይ ብቻ ነው። ልጁ ያን ቀን ከደወለ እናት ያለ ምንም ስሌት መደንገጥ ይችላሉ።